ግማሽ ነጥብ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ዘንድሮም ከአራሚዎቹ አንዷ ሆንኩ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት አመልካች፣ አርባ ወንበር። ዲኑ እንደ ሁልጊዜው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍላችን በሩ ጠባብ ነው፤ ጠባብ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ደግሞ እጁ ንጹሕ መሆን አለበት” አለ። መሐንዲሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ዘበኛ ካደረገን አይቀር ካፖርት ይግዛልና!” ሲለኝ ሳቄን በግድ አፈንኩት። ከመሐንዲሱ ጋር ስምንት ዓመት አብረን አስተምረናል፤ እሱ የግንባታ ስሌት፣ እኔ ንድፍ።

ከዚያ ቅጹ ታደለ። “በዚህ ፈተና የሚቀመጥ የቅርብ ዘመድ አለዎት?” አዎ፣ ወይም የለም።

“የለም” ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። የእህቴ ልጅ አቡሽ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል፤ ብዙ ቦታ ማመልከቻ አስገብቷል። የት የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያልጠየቅኩትን ደግሞ ላውቅ አልችልም። እኔ እስከማውቀው ድረስ የለም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

እህቴ ቤት፣ እትዬ ዘንድ ዋልኩ። የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ ደርሶባት ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ነው የዋለችው። ክር በጥርሷ እየበጠሰች ታወራኛለች። አቡሽ አልነበረም።

“የት ሄደ?”

“እርሳስ ሊገዛ። ያኛውን ለስላሳውን።”

እኔም “ጥሩ” አልኩ። እሷም ሌላ ክር በጠሰች። ስወጣ በር ድረስ ሸኝታኝ “ሚጣዬ፣ እኔ ምንም አልጠይቅሽም፤ ታውቂኛለሽ” አለችኝ።

አውቃታለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እትዬ አሥራ ሰባት። ያን ዓመት ትምህርቷን ትታ ስፌት ገባች፤ እኔ ግን አንድም ቀን ከክፍል አልቀረሁም። ይህን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ፈተናው ዛሬ ነበር። አራሚዎች አዳራሽ አይገቡም። ቤት ዋልኩ። መስኮት ጠረግኩ።

ጥያቄውን እኔ ነበርኩ ያወጣሁት፤ “ዛሬ ጠዋት ዓይንህን ስትገልጥ የነበርክበትን ክፍል ከትዝታህ ሳለው።” ሦስት ሰዓት፣ አንድ ወረቀት፣ እርሳስ ብቻ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

እርማት ተጀመረ። ወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ያርመዋል፤ ያንዱን ነጥብ ሌላው ሳያይ። የሁለታችን አማካይ የተማሪው ውጤት ይሆናል። ልዩነታችን ከአሥር ከበለጠ ወረቀቱ ለሦስተኛ አራሚ ይሄዳል። የኔ ጥንድ መሐንዲሱ ነው።

ዛሬ ሰባ አንድ ወረቀት። ስድስት መቶ መኝታ ቤት ገብቶ እንደመውጣት ነው። ሰው ስለ ራሱ ይህን ያህል እንደሚናገር ጥያቄውን ሳወጣ አላሰብኩም። አልጋው ሥር የተደበቀ ጠርሙስ የሳለ አለ። አባቱን ከነኩርፊያው የሳለ አለ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ቁጥር 118።

መጀመሪያ ያወቅኩት ክፍሉን አይደለም፤ ጥላውን ነው። ሰው ጥላ ሲያጠቁር አብዛኛውን ጊዜ እጁን ያዞራል። ይህኛው ወረቀቱን ነው ያዞረው፤ ጭረቶቹ አቅጣጫቸው ቢለያይም የእጁ ግፊት አንድ ነው። ያን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ ወለል ላይ ተቀምጠን። ከዚያ የስፌት መኪናው፣ ልብስ የሚለካበት ጭንቅላት የሌለው አሻንጉሊት፣ የታችኛው መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነው መስኮት።

ወዲያው ተነስቼ ለዲኑ መናገር ነበረብኝ። ዲኑ ስብሰባ ላይ ነበር። እውነት ስብሰባ ላይ ነበር፤ ጸሐፊዋን ጠይቄያለሁ።

ሰማንያ አራት ሰጠሁት። ይገባዋል። የማንም ቢሆን ሰማንያ አራት እሰጠው ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ዲኑ ቢሮው ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ሁለት ጊዜ አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ጸሐፊዋ የተጠናቀቁትን መዝገብ ላይ እያሰፈረች ነው። ሻይ ላቀብላት ብዬ ስጠጋ ዓይኔ አረፈበት። 118፦ መሐንዲሱ ሰባ ስድስት፣ እኔ ሰማንያ አራት። አማካዩ ሰማንያ።

“አምና መቁረጫው ስንት ነበር?” አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

“ሰባ ዘጠኝ ተኩል። ዘንድሮም ከዚያ አይርቅም፣ መምህር። ጫፍ ላይ ያሉት ያሳዝኑኛል። አንዱ ሲገባ አንዱን ገፍቶ ነው።”

ሻዬ ቀዘቀዘ። ዳግመኛ አልቀዳሁም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ቸኩያለሁ። 342ን አረምኩ። ሰባ አምስት።

ክፍሉ ወለል ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ነው የሚታየው፤ ከታች በኩል የሠዓሊዋ የራሷ ቀሚስ ጫፍ ይታያል። የጠረጴዛ ሆድ፣ አናጢው በእርሳስ የጻፈበት ቁጥር ሳይቀር። ከኋላ የተኛ ሰው፣ ፊቱ የማይታይ፣ አንድ እጅ ብቻ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል። ግን ሥዕሉ ሁለት የአድማስ መስመር አለው፤ ታች ያለው ዕቃ ከአንድ የዓይን ከፍታ፣ ላይ ያለው ከሌላ ከፍታ የታየ ነው። ሁለት አድማስ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚቀጣበት ስህተት ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ትናንት የዘለልኩትን ልጻፍ። ከእርማቱ በፊት፣ ረፍት ላይ፣ መሐንዲሱ ዳቦውን እየገመጠ “አንዷ ገደለችኝ” አለኝ። “342። ሰማንያ አራት ሰጠኋት። አጋንኜ ይሆን? ስታያት ንገሪኝ።”

ደንቡ አትነጋገሩ ይላል። አፉ አያርፍም እንጂ ሰውየው ክፋት የለበትም።

ሰማንያ አራት እና ሰባ አምስት። ልዩነቱ ዘጠኝ ነው። ሦስተኛ አራሚ አያስፈልገውም።

ሁለት አድማስ ስህተት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ድምሩ ተጠናቀቀ። አርባኛ፦ 118፣ ሰማንያ። አርባ አንደኛ፦ 342፣ ሰባ ዘጠኝ ተኩል።

ግማሽ ነጥብ።

መሐንዲሱ ዝርዝሩን ሲያይ “ውይ፣ ያቺ ልጅ!” ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። “ምን አጥፍታ ነው ሰባ አምስት?”

“ሁለት አድማስ” አልኩት።

“እየተነሳች እኮ ነው የሳለችው! ፍራሽ ላይ ተኝታ ጀመረች፣ ቁጭ ብላ ጨረሰች። ዓይኗ ከፍ ሲል አድማሱም ከፍ አለ። አላየሽውም?”

“አላየሁትም” አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ዝርዝሩ በስም ተለጠፈ። አቡሽ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ከኔ ጋር ያያያዘው ሰው የለም። እትዬ ደወለች። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም፤ እልልታዋ ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። ከኋላዋ ደንበኞቿም ያጨበጭቡ ነበር። አቡሽ ስልኩን ነጥቋት “አክስቴ፣ አርባኛ! ጅራት ነኝ፣ ግን ጅራትም ከገላው ጋር ይገባል!” እያለ ይስቃል።

እኔም ሳቅኩ። እንደ ሰው ሳቅኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

እትዬ ለአቡሽ ኮት ሰፋችለት። ትከሻውን እየለካችው “አንቺን አይቶ ነው” አለችኝ፤ “ልጅ ሆኖ እግርሽ ሥር ባይቀመጥ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።” እሷ ማመስገኗ ነው። እኔ ግን ራሴን አሞኛል ብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ያላለፈ ተፈታኝ ወረቀቱን አራሚው ባለበት ማየት ይችላል። መብቱ ነው፤ ግን ብዙ ሰው አይመጣም። ዛሬ ጸሐፊዋ በሩን ገፍታ “መምህር፣ አንዲት ልጅ ወረቀቷን ማየት ትፈልጋለች። 342” አለችኝ። መሐንዲሱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ልጅቱ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ጸጉሯን በመሐረብ ያሰረች። የጣቶቿ ጫፍ በበረኪና ነጥቷል። ወንበር ብሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቷን ስዘረጋላት እንደ ሌላ ሰው ሥራ ራቅ ብላ አየችው።

“ለመከራከር አይደለም የመጣሁት” አለች። “ስህተቴን ለማወቅ ነው። በሚመጣው ዓመት እንዳልደግመው።”

ዝም ማለት እችል ነበር። የለም፣ አልችልም ነበር፤ አራሚዋ እኔ ነኝ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ “እዚህ ጋ አድማሱ አንድ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። ሥዕል አንድ አድማስ ነው ያለው” አልኳት።

“እሺ” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “እማዬን ለማገላበጥ ነው የምነሳው። ጎኗ እንዳይቆስል። ዓይኔን ስገልጥ ተኝቼ ነው፣ ከዚያ እየተነሳሁ ነው የማየው። ሁሉንም ማስገባት ፈልጌ ነው። ግን ስህተት ከሆነ ስህተት ነው።”

“ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው የምሠራው። እዚያ ያየሁትን ሁሉ እስላለሁ።”

ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈች። ከዚህ ከወንበሬ ሆኜ ተገልብጦ አነበብኩት፤ “አንድ አድማስ ብቻ።” ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። አመስግናኝ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ሄደች።

ያቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከእጇ ልታወጣው የምትለፋው ነገር እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬ ለአንድ ተማሪ ያላስያዝኩት ነገር ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አላስተማርኩም። ትናንት ክፍል አልነበረም፣ ዛሬም የለም፤ ግን ቢኖርም አላስተምርም ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ይህ ደብተር የኔ ነው። ማንም አያነበውም። ታዲያ እዚህ ላይ ማንን ነው የምዋሸው?

አይቼዋለሁ። ሰኔ 23፣ ወረቀቱን እንዳነሳሁ አይቼዋለሁ። ልጅቱ እየተነሳች እንደሆነ፣ ክፍሉ አብሯት እንደሚነሳ። ደንግጬ ወረቀቱን አስቀምጬ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ካየሁ ዘመን አልፎኛል። ዘጠና ልጽፍ ነበር። ከዚያ መዝገቡ ላይ ያየሁት ሰማንያ ትዝ አለኝ። መሐንዲሱ ሰማንያ አራት እንዳለኝም ትዝ አለኝ። ሰባ ሦስት ብሰጣት ልዩነቱ አሥራ አንድ ይሆናል፣ ሦስተኛ ሰው ያየዋል። ሰባ አምስት ብሰጣት ማንም አያየውም። ይህን ሁሉ ለማስላት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲህ ፈጣን መሆኔን አላውቅም ነበር።

እትዬ ምንም አልጠየቀችኝም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። እሷ ላይ ማላከክ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ደብዳቤውን ይዤ ዲኑ ዘንድ ገባሁ። አንድ ገጽ። ሁለቴ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

“የልጁን ወረቀት ካወቅሽ በኋላ ነው ይህችን ያረምሽው?”

“አዎ።”

“ያን ቅጽም ‘የለም’ ብለሽ ፈርመሽልኛል።”

“አዎ።”

ደብዳቤውን አጠፈው። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። “ግማሽ ነጥብ እኮ ናት። ስም ዝርዝሩ ወጥቷል፤ ማንም አቤት አላለም። ይህን ከነካነው ስድስት መቶ ሰው ነገ ደጃችን ላይ ይሰለፋል። ይህን ደብዳቤ ይዘሽው ተመለሺ፤ ልጅቱን በሚመጣው ዓመት እናያታለን።”

“በሚመጣው ዓመት ይህችን ልጅ አያገኟትም” አልኩት። “እኔ ባልኳት መንገድ ተለማምዳ እንደማንም ሆና ነው የምትመጣው።”

“እና ምን ላድርግ?”

“ሁለቱን ወረቀቶች የማያውቃቸው ሰው ይያቸው። እኔን እንደ ደንቡ ይቅጡኝ።”

መነጽሩን መልሶ አደረገ። “ተቀምጠሽ ጠብቂ” አላለኝም። “ውጪ” ብቻ ነው ያለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሆቴሉን አፈላልጌ አገኘሁት። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል። ልጅቱ አንሶላ ከጓደኛዋ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዛ ታጥፍ ነበር። ስታየኝ የያዘችው ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

“ስላለፈው ነገር ነው የመጣሁት። የነገርኩሽ ትክክል አይደለም። ሁለቱ አድማስ ስህተት አይደሉም። ተሳስቼ አይደለም እንደዚያ ያልኩሽ፤ እያወቅኩ ነው።”

አልገባትም። “ለምን?” አለች።

“ሌላ ሰው ላስገባ ብዬ።”

ስለ ወንበሩ ምንም ቃል አልገባሁላትም፤ ምን እንደሚወሰን አላውቅም። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጓደኛዋን ዞር ብላ አየችና “ያን ገጽ ቀድጄ ልጣለው ማለት ነው?” አለችኝ።

“ቅደጂው።”

“እሺ።” አንሶላዋን አነሳች። ከዚያ ወዲያ አላየችኝም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ለእትዬ አልነገርኳትም። ቀድሜ መንገር የነበረብኝ ለሷ ነው። ለዲኑ አፌ ተከፈተ፣ ለእህቴ ግን ተዘጋ። ፈራኋት። ደውላ ነበር፤ የኮቱን ቁልፍ ቀለም ልታማክረኝ። “ቡናማ” አልኳት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ወረቀቶቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመጡ አዛውንት ፕሮፌሰር ተሰጥተው ነበር፤ ቁጥር እንጂ ነገሩን አያውቁም። 342፦ ሰማንያ ስምንት። 118፦ ሰባ ሰባት። የእሳቸው ነጥብ ጸና። አቡሽ አርባ ስምንተኛ ሆነ።

እኔ ከእርማት ለአምስት ዓመት ታገድኩ፤ የንድፍ ክፍል ኃላፊነቱም ተነሳብኝ። መሐንዲሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀልድ ይናገራል ብዬ ነበር። “አላየሁትም ስትዪኝ አምኜሽ ነበር” ብሎ ሄደ።

ልጁ ከሰሌዳ ላይ እንዳያነበው እየሮጥኩ እትዬ ቤት ሄድኩ። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ኮቱ አሻንጉሊቱ ላይ ተሰቅሏል። ሁሉንም ቆሜ ነገርኳት። እትዬ ሰምታ ስትጨርስ “እኔ ምን ጠይቄሽ ነበር?” አለች።

“ምንም።”

“ምንም ካልጠየቅኩሽ ለምን ሰጠሽኝ? ሰጥተሽኝስ ለምን ወሰድሽብኝ?”

“ሂጂ አሁን” አለች። ሄድኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ስልክ አታነሳም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

አቡሽ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘግቶ ቆመ። ትከሻው ሰፍቷል፤ መቼ እንደሆነ አላየሁም።

“ተቀመጥ።”

“አልቀመጥም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሰማንያ አራቱ የኔ ነበር ወይስ ያንቺ?”

አስቤ አላውቅም ነበር። ከልቤ ፈለግኩት፤ ያን ቀን ወረቀቱን ሳየው ያየሁት ሥዕሉን ነው ወይስ ስድስት ዓመቱን ልጅ?

“አላውቅም” አልኩት።

“ሃያ ሰባት ቀን ተማሪ ነበርኩ። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። የውሸት ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ አንቺ ሳታዪልኝ ለመግባት ነበር የተፈተንኩት።” የበሩን እጀታ ያዘ። “ያ ሰውዬ አያውቁኝም አይደል? ፕሮፌሰሩ?”

“አያውቁህም።”

“ሰባ ሰባት አሉኝ። ይህን እይዛለሁ። ይቺ የራሴ ናት።”

አንድ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ረዳት ሆኖ እንደሚገባ፣ በሚመጣው ዓመት ዳግመኛ እንደሚፈተን ነገረኝ። ሲወጣ “እማዬ ትበላለች፣ ትሠራለች። ዝም ብላ ነው እንጂ ደህና ናት” አለኝ። ለኔ ብሎ ነው የነገረኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

አዲሶቹ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ልጅቱን ከመስኮት አየኋት። ወረፋ ላይ ነበረች። አልወረድኩም።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ሳልጠራ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ዳናዬን ታውቀዋለች፣ አልዞረችም።

“እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።”

ጠመኔውን ጨርቁ ላይ ጎተተች። ረጅም ነጭ መስመር። ጨርሳ ነው የተናገረችው።

“ልጄ ወደቀ ብዬ መስሎሽ ይሆናል የተቆጣሁት” አለች። “ይውደቅ። ሰው ተፈትኖ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። አንቺም ተፈትነሽ አለፍሽ። እሱም ተፈትኖ ወደቀ። እኔን ማን ፈተነኝ? አንድ ወረቀት እንኳ ፊቴ አስቀምጦ ‘እስቲ ሞክሪው’ ያለኝ ሰው የለም። ልጄ ግን ይፈተናል፣ ያለማንም እርዳታ ይፈተናል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። ያን ነው የነካሽብኝ።”

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕዳ አለብኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ምን እንደምትፈልግ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ቆሜ አለቀስኩ። ዞር ብላ አላየችኝም። ጨርቁ ሰፊ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ከጠረጴዛው እየተንሸራተተ ወለል ሊነካ ሲል “ያዢልኝ” አለች።

ያዝኩላት። መቀሱ ከእሷ ወደኔ በነጩ መስመር ላይ እየቆረጠ መጣ፤ እጄ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ልቀቂው” አለች።

ለቀቅኩት። አጥፋ አስቀመጠችው። “ሌላ ጊዜም ነይ” አላለችኝም፤ “አትምጪ”ም አላለችኝም። ሁለተኛውን ጨርቅ ዘረጋች፤ እኔም ዞሬ ጫፉን ያዝኩ።